ከቀለሙ በፊት ፍሬኑ፦ የአሮጌ ፒክአፕ ጥያቄዎችና መልሶች

የዚህ ሳምንት ጥያቄዎች ከሞላ ጎደል ስለ አንድ መኪና ናቸው፤ ከሃያ ዓመት በላይ ያገለገለ፣ ባለ ናፍጣ ቶዮታ ሃይሉክስ። አያስገርምም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ፣ በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ «ሸጬ የተሻለ እገዛለሁ» ማለት ለብዙ ሰው የሚቻል ነገር አይደለም። ያለችውን ማቆየት ነው።

«ደብል ጋቢና ሃይሉክስ አለኝ፤ ሞተሯ 3ኤል የሚባለው ናፍጣ ነው። ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ ትጎትታለች፣ ፔዳሉም ለስለስ ይላል። መሪው ልል ነው፣ ዳገት ላይ ትሞቃለች፣ ከሥር ዘይት ታንጠባጥባለች፣ ፓራፋንጎዋ ዝጓል። ጋራዡ ሁሉንም በአንዴ እንሥራው ይላል፤ እኔ ግን ከወር ወር በምቆጥባት ነው የማሠራት። ምን ይቅደም?» (ከደብረ ብርሃን)

በሚገድለው ይጀምሩ። ፍሬንና መሪ ሲከዱ ሰው ይሞታል፣ ሙቀት ሲያይል ሞተር ይሞታል፣ ዘይት ሲንጠባጠብ ግን የሚቆሽሸው ግቢዎ ነው። ፓራፋንጎውን ለጊዜው ይርሱት፤ ባትላሜራ ቤት የሚከፍሉት ገንዘብ አንድም ቀን መኪናዋን አያቆምልዎትም።

የመጀመሪያውን ወር ገንዘብ ለዕቃ ሳይሆን ለምርመራ ያውሉት። የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንሥታችሁ፣ ከሥር ድጋፍ አድርጋችሁ፣ ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። ከተነቃነቀ ረዳቱ የፍሬን ፔዳሉን ረግጦ ይያዝ፤ መነቃነቁ ከጠፋ ጥፋቱ የጎማ ኩሽኔታው ነው፣ ካልጠፋ ቦል ጆይንቱ ነው። ኩሽኔታ ብዙ ጊዜ በግራሶና በማጥበቅ ይድናል፤ ቦል ጆይንት አይድንም። ቀጥሎ ጎማውን በግራና በቀኝ ይዛችሁ ነቅንቁ፤ እዚያ የሚላወስ ከሆነ ከመሪው ዘንጎች ጫፍ ያሉት ጆይንቶች ናቸው። መኪናዋ ከፊትም ባሌስትራ (ባለ ቅጠል ስፕሪንግ) ያላት፣ አክስሏ ሙሉ ከሆነ ደግሞ ቦል ጆይንት የላትም። በምትኩ አክስሉ ጫፍ ላይ ላይና ታች የተቀመጡ ሁለት ትናንሽ ኩሽኔታዎች አሉ። እዚያ ጋ የውስጡ ፓራኦልዮ (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘው ጎማ) ሲበላ የዲፍረንሻል ዘይት ከግራሶው ጋር ይቀላቀልና ቀጥኖ በጎማው ውስጥ በኩል ይፈስሳል፤ ዝም ከተባለ ፍሬኑ ላይ ይደርሳል።

ወደ ግራ መጎተቱ ብዙ ሰው ያሳስታል። መኪና የሚጎትተው በሚይዘው ጎማ በኩል ነው፤ ስለዚህ በሽታው ያለው በአብዛኛው በቀኝ በኩል ነው። የቀኙ ካሊፐር (የፍሬን ሸራውን የሚጫነው ዕቃ) ፒስተኑ ተጣብቆ ይሆናል፣ ወይም ሸራው ግራሶ ነክቶት። የግራውን ብቻ ፈትቶ «ጠብቆ ነበር፣ አላላሁት» የሚል መካኒክ ካጋጠመዎት ቁልፉን ይዘው ይመለሱ። ሸራ ሲቀየር ሁለቱም ጎን አብሮ ይቀየራል፤ ውፍረቱ ከ3 ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ ጊዜው ደርሷል። የፔዳሉን ልስላሴ በተመለከተ ሞተር አስነሥተው ፔዳሉን ለአንድ ደቂቃ በእኩል ኃይል ረግጠው ይቆዩ። ቀስ እያለ ከወረደና ውጭ ምንም ፍሳሽ ከሌለ የፍሬኑ ዋና ፖምፓ ጎሚኒ አልቋል። ካልወረደ አየር ገብቶበታል ወይም ዘይቱ አርጅቷል። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ዶት 3 የሚባለው አዲስ ሲሆን 205 ዲግሪ ላይ ይፈላል፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን መፍያው እስከ 140 ሊወርድ ይችላል። ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ ፔዳል ወለል የሚነካው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው። በየሁለት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ይቀየር።

ከፍሬንና ከመሪ በኋላ ሙቀቱ፤ እሱን ከታች ካለው ጥያቄ ጋር ይመልከቱ። የሞተሩን ዘይት ግን ይለኩት። በየ500 ኪሎ ሜትሩ ስንት እንደሚጨምሩ ይጻፉ። ከሩብ ሊትር በታች ከሆነ መጨመር ከማስጠገን ይረክሳል። ልዩ የሚሆነው ዘይቱ ከፊት የታይሚንግ ቺንጋ (የሞተሩን የውስጥ ዘንጎች በልካቸው የሚያዞረው ቀበቶ) ላይ ወይም ከኋላ ፍሪሲዮን (ክላች) ላይ የሚፈስስ ሲሆን ነው፤ ያኔ አይቆይም።

«የአባይን በረሃ ወርጄ ወደ ደጀን ስወጣ መርፌው ወደ ቀይ ይጠጋል። ውሃ ትቀንሳለች። መካኒኩ ቴስታ ይፈታ አለ።» (ከደብረ ማርቆስ)

ገና ነው። ቴስታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ማስፈታት የመጨረሻው ነው እንጂ የመጀመሪያው አይደለም፤ ከተፈታ ማስለካት፣ ማስላጨት፣ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው)፣ አዲስ ቡሎን እያለ ይከተላል።

ከሁሉ በፊት የራዲያተሩን ክዳን ይቀይሩ። ምክንያቱ የቦታው ከፍታ ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ግን 92 ላይ። ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚለቀው ቴርሞስታት የሚከፈተው 82 አካባቢ ነው፤ ስለዚህ ክዳኑ ግፊት ካልያዘ በመክፈቻውና በመፍያው መካከል ያለው ልዩነት አሥር ዲግሪ ብቻ ነው። 0.9 ባር የሚይዝ ጤነኛ ክዳን ያንኑ ውሃ እስከ 114 ዲግሪ ገደማ ሳይፈላ ያቆየዋል። ጎማው የደረቀ፣ ስፕሪንጉ የላላ ክዳን አዳማ ላይ ላይታወቅ ይችላል፤ ደጀን ላይ ያጋልጣል። ከክዳኑ ጋር ተራ ውሃ ሳይሆን ኩላንት ይጠቀሙ፤ ዝገትና ደለል ራዲያተሩን የሚደፍኑት በተራ ውሃ ነው።

ቀጥሎ የማቀዝቀዣ ፋኑ። ሞተር እንደሞቀ ያጥፉና ፋኑን በእጅ ገፋ ያድርጉት። እንደ መጫወቻ በነፃ ከዞረ በመካከሉ ያለው ክላች ፈሳሹን ጨርሷል፤ በቀስታ ሲጓዙና ዳገት ሲወጡ አየር አይስብም። የራዲያተሩንም ክንፎች ከሞተር በኩል ወደ ውጭ በውሃ ይጠቡ፤ ከውጭ ወደ ውስጥ ከሆነ ጭቃው ይበልጥ ይገባል።

ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል «ይቀዘቅዛል» ተብሎ የተለመደ ምክር ነው፤ በዚህ ሞተር ላይ ስሕተት ነው። ቴርሞስታቱ ሲከፈት በሌላ ጫፉ የአቋራጩን መንገድ ይዘጋል። ካወጡት አቋራጩ ክፍት ይቀርና ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳያይ ይመለሳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልዳነ የቴስታውን ጓርኒሲዮን የምንጠረጥርበት መንገድ አለ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ ክዳኑን ከፍተው፣ ውሃ ሞልተው ያስነሡ። ገና ሳይሞቅ ሳያቋርጥ አረፋ ከወጣ፣ ወይም ክዳኑ ተዘግቶ በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ የላይኛው ቱቦ ድንጋይ ከሆነ ከሲሊንደር ጋዝ እየገባ ነው። ያኔ መካኒኩ ልክ ነው። እስከዚያ ግን መርፌው ቀይ ሲነካ ወዲያው ይቁሙ፤ የእነዚህ ሞተሮች ቴስታ በባልቦላ (ቫልቭ) መቀመጫዎች መካከል መሰንጠቅ ይወዳል።

«መኪናዋን ከሰው ገዛሁ። የታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ አላውቅም፤ ድምፅ የለውም።» (ከሐዋሳ)

ዛሬ ይቀይሩት። ይህ ቺንጋ ከመበጠሱ በፊት አይጮህም። በ2ኤል፣ 3ኤልና 5ኤል ሞተሮች ልኩ 100,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከተበጠሰ ፒስተን ከባልቦላ ይጋጫል። ቺንጋውን ብቻ ሳይሆን የሚወጥረውን ሮለርም አብረው ይቀይሩ፤ የካሙና የኮሎው (የሞተሩ ዋና ዘንግ) የፊት ፓራኦልዮ ካንጠባጠበም እንዲሁ፣ ለእጅ ዋጋ ድጋሚ እንዳይከፍሉ። የውሃ ፖምፓው በውጭው ቺንጋ ስለሚዞር ጤነኛ ከሆነ አይንኩት። የቀየሩበትን ኪሎ ሜትር በቀለም ኮፈኑ ሥር ይጻፉ።

«እህል ስለምጭን ከኋላ ሁለት ቅጠል ባሌስትራ አስጨመርኩ። ከዚያ ወዲህ ጭኜ ፍሬን ስይዝ ፊቱ ይደፋል፣ ኋላው የሚይዝ አይመስልም። የፊት ሸራም ቶሎ ያልቃል። ሸራው የማይረባ ነው?» (ከነቀምት)

ሸራው አይደለም፣ ባሌስትራው ነው። ከኋላው አክስል ተነሥታ ቻሲው ላይ ካለች የፍሬን ቫልቭ ጋር የምትያያዝ ቀጭን ዘንግ አለች፤ ሥራዋ ጭነት መመዘን ነው። መኪናው ባዶ ሆኖ ከፍ ሲል ቫልቭዋ ወደ ኋላ የሚሄደውን የፍሬን ግፊት ትቀንሳለች፣ ባዶው ኋላ እንዳይቆለፍ። ተጭኖ ዝቅ ሲል ትለቃለች። እርስዎ ሁለት ቅጠል ስለጨመሩ መኪናዋ አሥር ኩንታል ሆነ ሁለት ኩንታል ጭና ከፍ ብላ ትቆማለች፤ ቫልቭዋ ደግሞ ባዶ ናት ብላ ታምናለች። ጭነቱን በአብዛኛው የሚያቆመው የፊቱ ፍሬን ነው። (ሃይሉክስ አንድ ቶን የሚጭን መኪና ነው፣ አሥር ኩንታል።)

የዘንጓ ማያያዣ ላይ ማስተካከያ ዳዶ አለ። መኪናዋ ከፍ ባለችው ልክ እንዲስተካከል ያድርጉ፤ መጀመሪያ ግን ዝጋ ተቸንክራ እንደሆነ በእጅ ያንቀሳቅሷት። ብዙ ጋራዥ ቫልቭዋን ዘልሎ ቱቦውን በቀጥታ ያገናኛል። ያ መልስ አይደለም፤ ክረምት ላይ ባዶ መኪና በእርጥብ አስፋልት ፍሬን ሲያዝ ኋላው ቀድሞ ይቆለፍና መኪናው ይሽከረከራል።

«ጥቁር ጭስ ዳገት ላይ። ኦቨርሆል ተባልኩ።» (ከአዲስ አበባ)

በጭስ ቀለም ብቻ ሞተር አይፈታም። ጥቁር ጭስ ማለት ናፍጣው ከአየሩ በዝቷል ማለት ነው። አዲስ አበባ ላይ ያለው አየር በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ የአየር ፊልትሮው ከተደፈነ ጤነኛም ሞተር ያጨሳል። ፊልትሮው፣ ቀጥሎ ኖዝሎቹ በመፈተሻ ማሽን፣ ቀጥሎ የናፍጣ ፖምፓው ልክ፤ «ጉልበት እንዲጨምር» ብሎ የናፍጣውን ብሎን ያዞረ ሰው ካለ እዚያ ይገኛል። ሰማያዊ ጭስ ከሆነ ዘይት ነው፣ ሌላ ጉዳይ ነው።

ኦቨርሆልን (ሞተር ፈትቶ ማደስን) የሚወስነው ኮምፕሬሽን፣ ማለትም በሲሊንደሩ ውስጥ አየሩ የሚጨመቅበት ግፊት ነው። ለናፍጣ በተሠራ ጌጅ፣ በካንዴሌታው (የማስነሻ ማሞቂያው) ቀዳዳ፣ ሞተሩ ሞቆ ይለካ። ጤነኛ 3ኤል በአንድ ሲሊንደር በካሬ ሴንቲ ሜትር 32 ኪሎ ገደማ ይሰጣል፤ ዝቅተኛው ወሰን 20 ነው፣ በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነትም ከ5 መብለጥ የለበትም። አራቱም 26፣ 27 ከሆኑ ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) አይቀየርም። አንዱ ብቻ 18 ከሆነ ባልቦላ ወይም ጓርኒሲዮን ይፈለግ። ቁጥሩን ጽፎ የማይሰጥ ጋራዥ አልለካም ማለት ነው።

«ከሶማሌ ተራ ምን ያገለገለ ዕቃ ልግዛ? ምን አልግዛ?» (ከሰበታ)

ብረትና መስታወት ይግዙ፤ ጎማ፣ ሸራና ቦል ጆይንት አይግዙ። ካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን)፣ ዲፍረንሻል፣ ዲናሞ፣ በር፣ ቸርኬ፣ ባሌስትራ ያገለገለ ቢሆን ችግር የለውም፤ ካምቢዮን በእጅ አዙረው እያንዳንዱን ማርሽ አስገብተው ይዩ፣ የዘይቱንም መፍሰሻ ከፍተው የብረት ፍርፋሪ ይፈልጉ። የፍሬን ቱቦ፣ ቺንጋ፣ ጎሚኒ የሚያረጀው በዕድሜ ስለሆነ ከመደርደሪያ ላይም ያረጃል። ቴስታ ከገዙ ሻጩ በግፊት እስኪያስፈትሽ ድረስ ገንዘቡን አይልቀቁ። ደረሰኝም ይጠይቁ፤ የተሰረቀ ዕቃ በርካሽ አገኘሁ ያለ ሰው በፖሊስ ጣቢያ በውድ ይከፍላል።

ካምቢዮ ከወረደ አይቀር የፍሪሲዮኑን ዲስክ፣ የመልቀቂያውን ኩሽኔታና የኮሎውን የኋላ ፓራኦልዮ አብረው ይዩ። የዕቃው ዋጋ ትንሽ ነው፤ ውዱ ካምቢዮን ማውረዱ ነው።

«ወንድሜ ከቨርጂኒያ ሊመጣ ነው። የታኮማ ዕቃ ለሃይሉክሴ ይሆናል?» (ከአዲስ አበባ)

የሞተሩ አይሆንም። ቶዮታ ከ1995 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሰሜን አሜሪካ ታኮማ የሚባል የራሱን ፒክአፕ ይሠራል፤ ሞተሩ ቤንዚን ነው፣ 3ኤል እዚያ መደብር ላይ አይገኝም። በስም ሳይሆን በዕቃው ቁጥር፣ ቁጥሩንም በቻሲው ቁጥር አስፈልገው ይዘዙ። ዱባይ ያለ ዘመድ ይሻላል፤ ለአፍሪካ የሚሸጡ የዕቃ ሱቆች እዚያ አሉ። ከአሜሪካ የሚያዋጣው መሣሪያ ነው፦ የናፍጣ ኮምፕሬሽን ጌጅ፣ መልቲሜትር፣ ቶርክ ቁልፍ።

«ያገለገለ ጎማ ገዛሁ፣ ገና ጥርሱ አለ። ከፊት ላድርገው?» (ከአርባ ምንጭ)

ጎኑ ላይ «ዶት» ከሚለው መጨረሻ አራት አኃዝ አለ፤ 2314 ከሆነ በ2014 እ.ኤ.አ. 23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። አሥር ዓመት ያለፈው ጎማ ጥርሱ ቢኖርም ከፊት አይገባም፣ ከኋላም አይገባም። የታደሰ ጎማም ከኋላ እንጂ ከፊት አይሁን።