«ጥሩ ነው፣ እናመሰግናለን ቲቸር»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። 10ኛ ክፍል ፊዚክስ አስተምራለሁ። በአንድ ሴክሽን 68 ተማሪዎች አሉኝ። በሴሚስተሩ መጨረሻ ስለ ማስተማሬ አስተያየት እንዲጽፉ ብጠይቃቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም «ጥሩ ነው፣ እናመሰግናለን ቲቸር» ብለው መለሱልኝ። ፈተናው ላይ ግን ከግማሽ በላይ ወደቁ። እውነቱን እንዲነግሩኝ ምን ላድርግ?
መምህር፣ ከደሴ

መልስ፦ መምህር፣ ልጆቹ አልዋሹዎትም። የጠየቋቸው ስለ እርስዎ ስለሆነ የመለሱልዎት አክብሮት ነው። መምህርን መንቀፍ ነውር እየተባለ ያደገ ልጅ፣ ውጤቱ ገና ባልተሞላበት ሰዓት፣ ወረቀቱ ማን ጋ እንደሚደርስ ሳያውቅ ሌላ ነገር ይጽፋል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። በዚያ ላይ የሴሚስተሩ መጨረሻ ነው፤ እውነቱን ቢጽፍ እንኳ ለእሱ የሚለወጥለት ነገር የለም።

ስለዚህ ጥያቄውንም ጊዜውንም ይቀይሩ። «ከዛሬው ትምህርት ያልገባህ አንድ ነገር ምንድን ነው? ምን ቢደረግ ይገባህ ነበር?» ብለው ይጠይቁ፤ ሁለቱ ይበቃሉ። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ቢሆንም መልሱን በአማርኛ እንዲጽፉ ይፍቀዱላቸው። በእንግሊዝኛ ብቻ ካሉ፣ ያልገባው ልጅ ያልገባውን የሚናገርበት ቃል ያጣና ከጎኑ ካለው ይገለብጣል።

አንድ ነጠላ የደብተር ወረቀት ለአራት ሲቀደድ ለ68 ተማሪ 17 ወረቀት ይበቃል። ከፔሬዱ የመጨረሻዎቹን 5 ደቂቃዎች ይመድቡለት። ስም አይጻፍም። የክፍል አለቃው አይሰብስበው፤ የጓደኞቹን እጅ ጽሑፍ ያውቃል። በሩ አጠገብ ካርቶን ያስቀምጡና እየወጡ ይጨምሩበት። እርስዎም ጽሑፉን ቢለዩት እንኳ ዝም ይበሉ። አንድ ጊዜ «ይሄ የእገሌ ነው» ካሉ፣ ከዚያ ክፍል ዓመቱን ሙሉ እውነት አያገኙም።

68ቱን ወረቀት ማንበብ 20 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። እያነበቡ በአራት ይከምሯቸው፦ የይዘት፣ የቋንቋ፣ የሰሌዳና የድምፅ፣ የቀረው ሌላ። ከ10 በላይ ወረቀት ያለበት ክምር በሚቀጥለው ፔሬድ መልስ ይፈልጋል። በቀላሉ የሚስተካከለው የሰሌዳው ነው። «ከኋላ አይታይም» ከተባሉ ፊደሉን ያተልቁ። «ሳንጨርስ ይጠፋል» ከተባሉ ሰሌዳውን መሐል ለመሐል በመስመር ይክፈሉትና በቀኝ በኩል ጽፈው እስኪጨርሱ ግራውን አያጥፉ።

የይዘቱ ክምር ግን ጠለቅ ብሎ መታየት አለበት። ለምሳሌ በሲሪየስ (በአንድ መስመር ተከታትለው) የተያያዙ አምፖሎችን ባስተማሩ ቀን «የመጀመሪያው አምፖል ኮረንቲውን ከበላው ለሁለተኛው ምን ይተርፋል?» የሚል ሐሳብ በብዛት ሊመጣ ይችላል። የኦምን ሕግ ደጋግሞ መጻፍ ይህን አይፈታም፤ ልጆቹ ኮረንቲን በሁለቱም አምፖሎች እኩል እንደሚያልፍ ሳይሆን በመንገድ ላይ እንደሚያልቅ ነገር ነው የሚያስቡት። ሁለት የባትሪ ድንጋይ፣ ሁለት የእጅ ባትሪ አምፖልና ሽቦ ይዘው ይግቡ። ከማብራትዎ በፊት የትኛው ይበልጥ እንደሚደምቅ እጅ አስወጥተው ድምፁን ሰሌዳ ላይ ይጻፉ። ከዚያ ያብሩና በረድፎቹ መሐል ይዙሩ፤ መብራቱ ደብዘዝ ስለሚል ከኋላ የተቀመጡት ከፊት ቆመው ቢያሳዩአቸው አይታያቸውም። አምፖሎቹ ላይ የተጻፈው ቮልትና አምፔር አንድ መሆኑን አስቀድመው ይዩ፤ ከተለያየ አንዱ ይደምቅና ስህተቱን ያጸናባቸዋል። ያኔም ቢሆን ቦታ ያቀያይሯቸው። ድምቀቱ በቦታው ሳይቀር ከአምፖሉ ጋር ሲሄድ ያያሉ።

በሚቀጥለው ፔሬድ መጀመሪያ 3 ደቂቃ ወስደው «ይህን ጽፋችኋል፣ ይህን ዛሬ አስተካክላለሁ፣ ይህን ግን በዚህ ምክንያት አልችልም» ይበሏቸው። ይህ ከቀረ ቀጣዩ ወረቀት እንደገና «ጥሩ ነው» ብቻ ይሆናል። አምስት ሴክሽን ካለዎት በሳምንት አንዱን ብቻ ይያዙ፤ ለአንድ ክፍል በሴሚስተር ሦስት ጊዜ ይበቃል። የፈተና ውጤት በመለሱበት ቀን አያድርጉት፤ የሚጻፈው ስለ ማርክ ይሆናል። ርዕሰ መምህሩ ክፍል ገብተው በሚታዘቡበት ቀንም እንዲሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ 9ኛ ክፍል ናት። ደብተሯ ላይ የማየው የራይት ምልክትና «ጥሩ» የሚል ቃል ብቻ ነው። ውጤቷ ግን እየቀነሰ ነው። ስብሰባ ስጠራ ወሬው ስለ መዋጮ ሆኖ ያልቃል። መምህሯን ምን ልጠይቅ?
እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ መጀመሪያ አንድ ስሌት ይያዙልን። 60 ተማሪ ያላቸው አምስት ሴክሽኖች የሚያስተምር መምህር 300 ደብተር አለው። ለእያንዳንዱ 3 ደቂቃ ቢሰጥ 15 ሰዓት ነው። የራይት ምልክቱ ከዚህ የመጣ ነው እንጂ ሁልጊዜ ከግዴለሽነት አይደለም። ግን «ጥሩ» የሚለው ቃል ልጅቷ ነገ ምን እንደምታደርግ አይነግራትም፤ ስጋትዎ ተገቢ ነው።

ከስብሰባው ቀን ውጪ በስም ጠሪ መምህሯ በኩል የ10 ደቂቃ ቀጠሮ ይያዙ። ደብተሯንና የተመለሰላትን የፈተና ወረቀት ይዘው ይሂዱ። «ልጄ እንዴት ናት?» ካሉ «ጎበዝ ናት፣ ትንሽ ትበርታ» ተብለው ይመለሳሉ። ይልቁንም ወረቀቱን ገልጠው ይጠይቁ፦ ይህን ጥያቄ የሳተችው ሐሳቡ ሳይገባት ነው ወይስ እንግሊዝኛው? ከተከታታይ ምዘናው የትኛው ላይ ነው ማርክ ያጣችው፣ ከኩዊዝ፣ ከቤት ሥራ ወይስ ከግሩፕ ሥራ? የትኛውን ብታስተካክል እንደገና ያዩላታል?

የመጀመሪያው ጥያቄ በተለይ 9ኛ ክፍል ላይ ወሳኝ ነው፤ እስከ 8ኛ በአማርኛ የተማረች ልጅ ድንገት አብዛኛውን ትምህርት በእንግሊዝኛ ትማራለች። ችግሩ ቋንቋው ከሆነ ተጨማሪ የሒሳብ አስጠኚ መቅጠር ገንዘብ ማባከን ነው። ከየምዕራፉ 15 ያህል ቁልፍ ቃላት በአማርኛ ፍቺያቸው ደብተሯ ጀርባ ላይ ትጻፍ፤ ትምህርቱ ከመሰጠቱ በፊት እንጂ ለፈተና ስታጠና አይሁን። ቤት ውስጥ ደግሞ «ስንት አገኘሽ?» ከማለትዎ በፊት «የትኛውን ሳትሽ፣ አሁን ሥሪልኝ» ይበሏት። እርስዎ ትምህርቱን ባያውቁትም ስታስረዳዎት የምትደናቀፍበት ቦታ ይታወቃል።

ጥያቄ፦ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል ነኝ። የአስተያየት ሳጥን ሰቅለን ነበር። መጀመሪያ ስድብ ገባበት፣ አሁን ደግሞ ባዶ ነው። እናንሣው?
የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ አታንሡት። ሳጥን ባዶ የሚሆነው የገባው ነገር የት እንደደረሰ ሳይነገር ሲቀር ነው። በየሁለት ሳምንቱ በአንድ ቋሚ ቀን ሦስት ሰው ሆኖ ይከፈት፦ ከተማሪዎች ካውንስል አንድ፣ ከሴት ተማሪዎች ክበብ አንዲት፣ ከመምህራን ዩኒት ሊደሩ (የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት የሚከታተለው)። እያንዳንዱ አስተያየት በመዝገብ ላይ ቁጥር ይሰጠው፤ አጠገቡም ማን እንደሚሠራውና እስከ መቼ እንደሚያልቅ ይጻፍ። ስድቡን ከቁጥር ውጪ ጣሉት፤ የጻፈውን ግን አታሳድዱ።

ከዚያ በእረፍት ሰዓት በሚኒ ሚዲያችሁ መልሱን አንብቡ፤ ከቀላሉ ጀምሩ። የሴቶች መጸዳጃ ቤት በር መቀርቀሪያ የለውም ከተባለ፣ ይህ በርካሽ የሚገዛ፣ በአንድ ከሰዓት የሚገጠም ነገር ነው። ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት በቁጥሩ አቅርቡት፤ በተገጠመ ማግስትም «በአስተያየት ቁጥር 4 መሠረት ተገጥሟል» በሉ። የሚቀጥለው ሳምንት ሳጥኑ ባዶ አይሆንም።

አንድ ነገር ግን ከሳጥኑ ውጪ መሆን አለበት። አንዲት ልጅ ስለ ትንኮሳ ወይም ስለ ድብደባ ከጻፈች ወረቀቱ በማይክሮፎን አይነበብም፣ ክበብ ውስጥም አይወራም። ያነበበው ሰው በዚያው ቀን ለትምህርት ቤቱ የምክር አገልግሎት መምህርት፣ እሷ ከሌለች ልጆቹ ለሚያምኗት ሴት መምህርት በእጇ ያስረክብ። ሳጥኑ ላይም እንዲህ ብላችሁ ለጥፉ፦ «አስቸኳይና የግል ጉዳይ ከሆነ እዚህ አትጨምሩ፤ ቢሮ ቁጥር ይህን አንኳኩ።» የቢሮው ቁጥርና መምህርቷ የምትገኝበት ሰዓትም አብሮ ይጻፍ።