ማሽኑ ያልመዘገበው ስህተት

ውድ ልጆቼ፣

ባለፈው እሁድ ጅማ፣ አዌቱ ወንዝ አጠገብ ካለችው ቡና ቤት ቁጭ ብለን ስናወራ የአዲስ አበባው አውሮፕላን በላያችን አለፈ። ከእናንተ አንዱ ቀና ብሎ አየውና «ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ሁሉን ካየ ተቆጣጣሪው ምን ይሠራል?» አለኝ። ያን ዕለት የሰጠሁት መልስ እኔኑ አላረካኝም። ከ30 ዓመት በላይ የአየር ትራፊክ ተቆጣጣሪ ሆኜ ስለኖርኩ ጥያቄው ቤቴ ድረስ ተከተለኝ። ስለዚህ ልጻፍላችሁ።

ሥራ ስጀምር ያለን ሬዲዮ፣ ስልክ፣ ሰዓትና ስትሪፕ የምንላት ቀጭን ወረቀት ነበር። እያንዳንዱ በረራ የራሱ ስትሪፕ አለው። ከፍታውና የሚደርስበት ሰዓት በእጅ ይጻፍበታል። ሰዓቱም የእኛ ሰዓት አይደለም። ጅማ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሲሆን እኛ 06:00 ብለን እንጽፋለን፤ የአቪዬሽን ሰዓት በመላው ዓለም አንድ ነውና። ራዳር ከሌለ አውሮፕላኑን የምታየው በጭንቅላትህ ነው። አብራሪው ይናገራል፣ አንተ ትጽፋለህ፣ ታሰላለህ። የሚያሳስብህ በረራ ካለ ስትሪፑን ከረድፉ ትንሽ ገፋ ታደርገዋለህ። ጎንህ ያለው ባልደረባ ያቺን የተገፋች ወረቀት ካየ ሳትነግረው ይገባዋል።

ከዚያ አውሮፕላኑን ከነከፍታው የሚያሳየው የራዳር ስክሪን መጣ። እሰየው ነው፣ ቴክኖሎጂን የሚጠላ ሽማግሌ አድርጋችሁ አትዩኝ። እ.ኤ.አ. በ1996 ዴልሂ አጠገብ ሁለት አውሮፕላኖች አየር ላይ ተጋጭተው 349 ሰዎች ሞተዋል። በጊዜው የዴልሂ ራዳር ነጥቡን እንጂ ከፍታውን አያሳይም ነበር። አንደኛው ከተፈቀደለት ከፍታ በታች ሲወርድ ተቆጣጣሪው የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ግን አዲስ ዕቃ ሲገባ አሮጌው በዝምታ ይሠራ የነበረውም አብሮ ይወጣል። የተገፋችዋን ወረቀት የሚተካ ነገር ስክሪኑ ላይ ወዲያው አላገኘንም። እጃችን ሥራ ፈታ። ጎን ለጎን ተቀምጠን እያንዳንዳችን የየራሳችን ብርሃን ላይ አፈጠጥን።

የኡበርሊንገንን አደጋ ደጋግሜ አስባለሁ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 1 ቀን 2002 ሌሊት በደቡብ ጀርመን ሰማይ ላይ፣ በዙሪክ ቁጥጥር ሥር የነበሩ ሁለት አውሮፕላኖች ተጋጩ። 71 ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ልጆች ነበሩ። ባልደረባው ለዕረፍት ስለወጣ አንድ ተቆጣጣሪ ብቻውን ሁለት ስክሪን ይዞ ነበር። ሲስተሙ ጥገና ላይ ነው። ግጭት ሲቃረብ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ማስጠንቀቂያ ጠፍቷል፣ እሱ ግን መጥፋቱን አያውቅም። ዋናው ስልክም አይሠራም። የጎረቤት ጣቢያ ተቆጣጣሪዎች አደጋውን አይተው ቢደውሉ ቢደውሉ መስመር አላገኙም። አንደኛውን አውሮፕላን ውስጡ ያለው ቲካስ የሚባለው የግጭት መከላከያ መሣሪያ «ወደ ላይ ውጣ» ሲለው ተቆጣጣሪው «ውረድ» አለው፤ ወረደ። ሌላውንም የራሱ ቲካስ እያወረደው ነበር። ዛሬ በእንዲህ ያለ ሰዓት አብራሪው ቲካሱን እንዲከተል ደንቡ በግልጽ ያዛል። እኔን ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላው ነው። ያ ሰው ምን እንደጠፋበት ቁጭ አድርጎ የነገረው አልነበረም።

አሁን የራሴን ልንገራችሁ። አዲሱ ስክሪን ከገባ ብዙም አልቆየም። አንድ አውሮፕላን ወደ 170፣ ማለትም ወደ 17,000 ጫማ ከፍታ፣ ላወርድ ማይኩን ያዝኩ። ከኋላዬ የቆመች ሠልጣኝ ቀስ ብላ «ጋሼ፣ 170 ላይ ሌላ አለ እኮ» አለችኝ። የሁለቱ በረራዎች ጽሑፍ ስክሪኑ ላይ ተደራርቦ ኖሮ ልብ አላልኩትም። በወረቀቱ ዘመን 170 ብዬ የጻፍኳት ሌላዋ ስትሪፕ ዓይኔ ሥር ትሆን ነበር።

እውነቱን ልናገር፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። ትናንት የመጣች ልጅ እንዴት ታርመኛለች አልኩ በልቤ። አገራችን ታላቅን ማክበር ደግ ነገር ነው፤ ታወርና ራዳር ክፍል ውስጥ ግን ያ አክብሮት ሰው ሊገድል ይችላል። ፊቴን አጥቁሬባት ቢሆን በሚቀጥለው ጊዜ ዝም ትል ነበር።

ፈረቃዬን ስጨርስ ሪፖርት ልጽፍ ተቀመጥኩ። አንድ ባልደረባዬ «ምን ሆነና ነው የምትጽፈው? ሲስተሙ እኮ ሁሉን ይቀዳል» አለኝ። ልጆቼ፣ እዚህች ጋ ቆም በሉልኝ። ሲስተሙ የተነገረውን ቃል ይቀዳል፣ አውሮፕላኖች ከሚገባው በላይ ሲቀራረቡም ይጮኻል። እኔ ግን ገና ማይኩን አልተጫንኩም። አውሮፕላኖቹም አልተቀራረቡም። በየትኛውም ቅጂ ላይ ያ ስህተት የለም። የነበረው በእኔና በእሷ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነው። ባልጽፈው ኖሮ ጽሑፉ እንደሚደራረብ የሚቀጥለው ሰው የሚያውቀው በራሱ ላይ ሲደርስ ነበር።

ማሽኑ በረቀቀ ቁጥር ይህ ዓይነቱ ዝምታ ይቀላል። «ያውቀዋል» እያልን መናገር እንተዋለን። ስህተቱን የተናገረ ሰው የሚቀጣበት ቤት ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አፍ ይዘጋል። ሰክሮ የሠራ ወይም ደንብ አውቆ የጣሰ ይጠየቅ፣ አልቃወምም። የተሳሳተና የተናገረ ግን ሊመሰገን ይገባል። ወደዚህ ሙያ ከገባችሁ፣ ወይም ለዚህ ሙያ ሶፍትዌር የምትሠሩ ከሆነ፣ አዲስ ነገር ከመትከላችሁ በፊት ሥራው ላይ ያሉትን ጠይቁ፦ አሮጌው ምን ይነግራችሁ ነበር? ሲጠፋስ መጥፋቱን በምን ታውቃላችሁ?

ያቺ ሠልጣኝ ዛሬ የፈረቃ ኃላፊ ናት። ሰሞኑን በምሽት ደወለችልኝ። አንድ አዲስ ልጅ ማይኩን ሳትጫን አስቁሟት ኖሮ፣ ሪፖርቱን ጽፋ መውጣቷ ነበር። «ስሙንም አስገባሁት ጋሼ» አለችኝ፣ «ያዳነኝ እሱ ነው ብዬ።»