«የእህቴን ልፋት የሚመጥን ሕይወት እንዴት ልኑር?»

ይድረስ ለምክር አምድ አዘጋጅ፤ እንደምን ሰነበቱ?

የተወለድኩት በምሥራቅ ጎጃም፣ ከደብረ ማርቆስ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ በሚርቅ ገጠር ነው። እናታችን ቀድማ አረፈች፤ አባታችን ሲሞት እኔ 5ኛ ክፍል ነበርኩ። ታላቅ እህቴ ያን ጊዜ 7ኛ ክፍል ነበረች፤ በትምህርት ከእኔ ትበልጥ ነበር። ትምህርቷን አቋርጣ ቤቱን ያዘች። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጠች፣ ዶሮ አረባች፣ የዳጉሳ አረቄ እያወጣች ሸጠች። ከተማ ቤት ተከራይቼ ስማር በየገበያው ቀን ስንቄን ተሸክማ ትመጣለች፤ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ በፌስታል የተቋጠረ በርበሬ። «አንቺስ?» ስላት «እኔ ቁርሴን በልቼ ነው የወጣሁት» ትለኛለች። ጎህ ሳይቀድ መንገድ የጀመረ ሰው መቼ ቁርስ ይበላል?

ዛሬ በአንድ ወረዳ የውኃ ባለሙያ ነኝ። ምንጭ እናጎለብታለን፣ የእጅ ፓምፕ እንጠግናለን። ሥራዬን እወደዋለሁ። በቅርቡ አዲስ አበባ ያለ አንድ የሕንፃ ተቋራጭ በእጥፍ ደመወዝ ጠራኝ። ልቤ አልሄደም፤ ነገር ግን «እታለም ያን ሁሉ የሆነችው አንተ ፓምፕ እንድትጠግን ነው?» የሚል ሐሳብ እንቅልፍ ይነሣኛል። የምወዳት ልጅ አለች፤ ሽማግሌ ለመላክ አልደፈርኩም። እህቴ በእኔ የተነሣ ሳታገባ ቀርታ እኔ እንዴት ልዳር? አዲስ ጫማ እንኳን ስገዛ ያፍነኛል።

በየወሩ ብር እልክላታለሁ፤ ማርና ቅቤ ገዝታበት መልሳ ለእኔ ትልካለች። ባለፈው ፋሲካ ስሄድ ደጅ ተቀምጣ ሽፋሽፍቷን በወረንጦ ስትነቅል አገኘኋት። «ጭሱ ነው፣ ይቆረቁረኛል» አለችኝ። «ምን ላድርግልሽ?» ብላት መልሷ «አንተ ብቻ ደኅና ሁንልኝ» ነው። የእሷን ልፋት የሚመጥን ሕይወት እንዴት ነው የሚኖረው?

ወንድምዎ፣ ከምሥራቅ ጎጃም

መልስ

ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ስለ ወረንጦው እንነጋገር፤ ሌላው ይደርሳል። አንተ በአንድ መስመር ያለፍከው ነገር ከደብዳቤህ ሁሉ ይልቅ አሳስቦኛል።

የእህትህን ዓይን የሚቆረቁረው ጭስ ብቻ ላይሆን ይችላል። ክልላችን ትራኮማ በሚባለው ተላላፊ የዓይን በሽታ ክፉኛ ከተጠቁ የዓለም አካባቢዎች አንዱ ነው። በልጅነት እየተመላለሰ የያዘ ትራኮማ የዓይን ቆብን ከውስጥ ያጠብቀዋል፤ ከዓመታት በኋላ ቆቡ ወደ ውስጥ ይቀለበስና ሽፋሽፍቱ ዓይኑን ይፍቀዋል። በወረንጦ ሲነቀል ለጥቂት ጊዜ ይታገሣል፣ ከዚያ አጭርና ሻካራ ሆኖ ይበቅላል። ልጆችን የሚያቅፉና የሚያጥቡ ሴቶች ስለሆኑ ከወንዶች ይልቅ እነሱን ያጠቃል። ዝም ከተባለ መጨረሻው ዓይነ ስውርነት ሊሆን ይችላል። ደግነቱ መድኃኒት አለው። የዓይን ቆብ ቀዶ ሕክምናው በማደንዘዣ በአጭር ጊዜ ይሠራል፤ የሠለጠኑ ነርሶች በጤና ጣቢያዎች ያለ ክፍያ ይሰጡታል፤ ሰው በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። ምናልባት ሕመሟ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ያንን የሚለየው መርማሪው ነው።

«ምን ላድርግልሽ?» ብለህ ጠየቅካት። ዕድሜዋን ሙሉ ለራሷ ምንም ሳትጠይቅ የኖረች ሴት ለዚህ ጥያቄ መልስ ከየት ታመጣለች? ብር ስትልክላትም ወደ ማርና ቅቤ ለውጣ መለሰችልህ። ስለዚህ ሄደህ እጇን ይዘህ ውሰዳት። «ዛሬ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን፣ አብሬሽ ነኝ» በላት። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን አባል መሆኗንም ጠይቅ፤ ካልሆነች በመመዝገቢያው ወቅት አንተው ክፈልላት።

ሌላም ነገር አለ። አባታችሁ ትተውት ያለፉት መሬት የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር በማን ስም ነው? አሁንም በእሳቸው ስም ከሆነ፣ መሬቱን ለዓመታት የጠበቀችው እህትህ ማስረጃ የላትም ማለት ነው። አንተ ደመወዝተኛ ነህ፤ እርሻው ኑሮዋ ነው። ቀበሌው የመሬት አስተዳደር ዘንድ አብራችሁ ሂዱና በስሟ የሚዞርበትን መንገድ ጠይቁ፤ የአንተን ድርሻ ለእሷ መልቀቅህን በወረቀት አስፍር። ምስጋና ማለት ለእኔ እንደዚህ ፊርማ ያለበት ነገር ነው።

አሁን ወደ ሐሳብህ ልምጣ። አገራችን የወንፈልንና የደቦን ልዩነት ታውቃለች። በወንፈል ዛሬ የእኔን ካረስህልኝ ነገ የአንተን አርሳለሁ፤ ቀኑ በቀን ይመለሳል። ደቦ ሲጠራ ግን የመጣው ሰው ቀኑን አይቆጥርም፤ ባለቤቱ አብልቶና አጠጥቶ ያሰናብታል፣ ሌላው ሲጠራ ደግሞ እሱም ይሄዳል። አንተ የእህትህን ልፋት እንደ ወንፈል ይዘህ ቀኗን በቀን ልትመልስ ትጨነቃለህ። የሚመለስ አይደለም። የ7ኛ ክፍል ዓመቷን ማን ይመልሳል? ደስታህን ስትነፍግ ለእሷ የሚጨመር ነገር የለም፤ ጫማህ ቢያልቅ የእሷ እግር አይሞቅም። ደኅና ሁንልኝ ስትልህ ኀፍረት ተሸክመህ እንድትኖር አልነበረም።

ደብዳቤህ ውስጥ ደግሞ እህትህ ታሪኳ ያለቀ ሰው ሆናለች። እንደ ስሌቴ ሠላሳዎቹን ብትጀምር ነው። «ሳታገባ ቀርታ» ስትል ጠይቀሃታል? ማግባት ትፈልግ ይሆናል፤ ላትፈልግም ትችላለች። ትምህርቷን በማታ መቀጠል ትሻ ይሆናል፤ አረቄውን ትታ በሌላ ሥራ መተዳደርም። እሷን እንደ ባለውለታ ብቻ ሳይሆን ገና ነገ እንዳላት ሴት ተቀምጠህ አዋያት። መልስ በአንድ ቀን አይወጣትም፤ ደጋግመህ ሂድ፣ መንገዱ ሰላም በሆነ ጊዜ ሁሉ።

የሥራህን ነገር በተመለከተ፣ ገንዘቡን አቃልዬ አላየውም፤ ድህነት ቀልድ አይደለም። ሆኖም ትራኮማ የሚተላለፈው ባልታጠበ የሕፃናት ፊት፣ በእጅ፣ በጨርቅና በዝንብ ነው፤ ውኃ ሩቅ በሆነበት ደግሞ ፊት ሳይታጠብ ይዋላል። ውኃ ለመቅዳት ትምህርት የምትቀር ልጅም አለች። አንተ የምትጠግነው ፓምፕ የማን እንደሆነ አሁን ታየዋለህ። ኑሮህ እስከቻለ ድረስ እዚያው ብትቆይ እመርጣለሁ። መሄድ ግድ ከሆነብህ ግን የእህትህን ስም ለራስህ ማስገደጃ አታድርገው፤ አዲስ አበባ ሂድ ያለችህ እሷ አይደለችም።

ሽማግሌ ከመላክህ በፊት ጉዳዩን ለእሷ ንገራት፤ የእናትና የአባት ቦታ ያላት እሷ ናት፣ ሽማግሌዎቹንም እሷ ትምረጥ። ይህ ሁሉ ግን ከዓይኗ በኋላ ነው። ቀዶ ሕክምናው በሁሉም ጤና ጣቢያ በየቀኑ አይሰጥም፤ የቀበሌዋን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ጠይቀህ የሚሰጥበትን ቀንና ቦታ አረጋግጥ፣ ፈቃድም ከመሥሪያ ቤትህ ለሁለት ቀን ውሰድ፤ በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ አብረሃት ልትሆን ይገባል።