ለገና በግ ልግዛ ወይስ ቅርጫ ልግባ?

በጉን ተወውና ቅርጫ ግባ። «የእኔም የባለቤቴም ቤተሰብ እኛ ቤት ሊመጣ ነው፤ በግም ዶሮም ከገዛሁ ለጥር ምን ይተርፈኛል?» ላልከው መልሴ ይኸው ነው። ከጎረቤት ወይም ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር ሆናችሁ በሬ ግዙ። አንድ መደብ ከከበደህ ከአንድ ጓደኛህ ጋር ተካፈሉት። ዶሮ ወጡ ግን አይቅር። እሱ ከቀረ እናቶቹ ዝም የሚሉህ እንዳይመስልህ!

ሽንኩርቱንና ቅቤውን አሁን፣ በጾሙ ግዛ። ቅቤው ቀድሞ ተነጥሮ ቢቀመጥ ምንም አይሆንም። ዋዜማ ላይ ነጋዴው የጠራውን ከመክፈል ውጪ ምርጫ የለህም።

ሁለቱን ወገን ደግሞ በአንድ ቀን አትጥሩ። አንዱ ታኅሣሥ 29 ለገና ይምጣ፣ ሌላው ጥር 11 ለጥምቀት። ለአንተ ወገን አንተ ንገር፣ ለእሷ ወገን እሷ ትንገር። ከተገላበጠ ቅያሜ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ገንዘቡ መቼ እንደሚሰበሰብ፣ ቆዳውና ጨጓራው ለማን እንደሚሆን በሬው ሳይገዛ ተነጋገሩ። እኛ ሰፈር በቅርጫ የተኮራረፉት ጎረቤታሞች የተጣሉት በሥጋው አይደለም፤ በጨጓራው ነው።