ካርቶኑስ የት አለ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የደረሱኝ ጥያቄዎች ሲታዩ የማይገናኙ ይመስላሉ። ሽሮፕ አለ፣ በረኪና አለ፣ የፊት ክሬም አለ፣ ኢንሱሊንም አለ። ሳነባቸው ግን አንድ ነገር ደጋግሞ መጣብኝ። አብዛኞቹ ላይ ዕቃው ከካርቶኑ ወይም ከዋናው ጠርሙሱ ወጥቷል። ምን እንደሆነ፣ ማን እንደሠራው፣ መቼ እንደሚያልፍበት የሚናገር ጽሑፍ የለውም። ስለዚህ ከመልሴ በፊት «ካርቶኑስ?» ብዬ ስጠይቅ ብታገኙኝ እንዳትሰለቹኝ።

ጥያቄ፦ ልጄ ሁለት ዓመት ተኩሉ ነው። ሳል ሲበዛበት ጎረቤቴ «ከውጭ የመጣ ነው» ብላ የሳል ሽሮፕ ሰጠችኝ። ጠርሙሱ ላይ ያለው ወረቀት ግማሹ ተልጧል። ልስጠው ወይስ ይቅር? (አንዲት እናት፣ ከአዳማ)

ይቅር እህቴ። ምክንያቱን ግን ዘርዘር ላድርግልሽ።

ሽሮፕ ውስጥ መድኃኒቱን የሚያሟሙትና ወፈር የሚያደርጉት እንደ ግሊሰሪንና ፕሮፒሊን ግላይኮል ያሉ ፈሳሾች ናቸው። እነሱን የሚመስሉ፣ ግን ርካሽ የሆኑ ሌሎች ፈሳሾች አሉ። ዳይኤቲሊን ግላይኮልና ኤቲሊን ግላይኮል ይባላሉ። ቦታቸው የራዲያተር ኩላንትና የፍሬን ዘይት ውስጥ ነው። አንድ አጭበርባሪ አቅራቢ ርካሹን በውዱ ስም ይሸጣል። ፋብሪካው ሳይመረምር ይቀበላል። መርዙ ጣፋጭ ስለሆነ ልጁም ወዶት ይጠጣዋል። ከዚያ ኩላሊቱ ሥራ ያቆማል።

ተረት እንዳይመስልሽ። በመስከረም 2015 የዓለም ጤና ድርጅት ጋምቢያ ውስጥ ስለተገኙ አራት ሽሮፖች ማስጠንቀቂያ አወጣ። የተመረቱት ሕንድ ነበር። ጋምቢያ ውስጥ ከ60 በላይ ሕፃናት ሞተዋል። በዚያው ሰሞን ኢንዶኔዥያ ውስጥ በዚሁ መርዝ ከ200 በላይ ልጆች አለቁ። በ2018 መጀመሪያ ላይ ደግሞ እዚያው ሕንድ ውስጥ በሳል ሽሮፕ ልጆች ሞቱ። እኔን የሚያናድደኝ ነገሩ አዲስ አለመሆኑ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1937 በዳይኤቲሊን ግላይኮል የተበጠበጠ መድኃኒት ከ100 በላይ ሰው ገድሎ ነበር። በማግስቱ ዓመት ጠንከር ያለ የመድኃኒት ሕግ የወጣው በዚያ ሰበብ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት አለፈ!

ሽሮፕ ሁሉ መርዝ ነው እያልኩ አይደለም። ግን አንቺም ሆንሽ ጎረቤትሽ ቀምሳችሁ ወይም አሽታችሁ አትለዩትም። ማስጠንቀቂያ ሲወጣ የሚነገረው የመድኃኒቱ ስም፣ የአምራቹ ስምና የባች ቁጥሩ (በአንድ ዙር አብሮ የተመረተውን የሚለየው ቁጥር) ነው። የአንቺ ጠርሙስ ላይ ይኼ ተልጧል። ስለዚህ በሬዲዮ ቢነገርም የእሱ ጉዳይ መሆኑን አታውቂም።

ደግሞ በዚህ ዕድሜ የሳል ሽሮፕ እምብዛም አይፈይድም። የጉንፋን ሳል በራሱ ጊዜ ይለቃል። ፈሳሽ አብዢለት። ማታ ትንሽ ማር ስጪው፤ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ማር ፈጽሞ አይሰጥም። ይልቅ ትንፋሹን ቁጠሪ። ረጋ ብሎ ሳለ፣ አንድ ሙሉ ደቂቃ። በእሱ ዕድሜ 40 ከሞላ ወይም ካለፈ፣ ወይም ሲተነፍስ ከጎድኑ በታች ወደ ውስጥ ስርጉድ ካለ፣ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ሽሮፑን ቀድመሽ ሰጥተሽው ከሆነና ካስመለሰው፣ ሆዱን ካመመው ወይም ሽንቱ ከቀነሰ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። ጠርሙሱንም ይዘሽ ሂጂ።

ጥያቄ፦ በረኪና በሃይላንድ ጠርሙስ አስቀምጠን የእህቴ ልጅ ውሃ መስሎት ተጎነጨው። ወተት አጠጣነው፣ ጣት ከተንም አስመለስነው። አሁን ደህና ነው። ትክክል ሠርተናል? (ከባሕር ዳር)

እንኳን እግዚአብሔር አተረፈላችሁ። ማስመለሱ ግን ልክ አልነበረም። በረኪና ሲወርድ ጉሮሮን ያቃጥላል። ስታስመልሱት ያንኑ መንገድ ሁለተኛ ያቃጥለዋል። ወደ ሳንባ ከገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ላምባ የጠጣ ልጅ ላይ ይኼ የባሰ ነው። ላምባ ዋናው ጉዳቱ ሳንባ ላይ ነውና ማስመለስ ማለት ሳንባው ውስጥ መጨመር ነው።

አፉን በውሃ አጉመጥምጡት። መዋጥ ከቻለ ትንሽ ውሃ ይጎንጭ። ወተቱ ትንሽ ቢሰጥ ችግር የለውም፣ ግን መርዝ ማርከሻ አይደለም። «ወተት ጠጥቷል» ብሎ ቤት መቀመጥ ነው ክፋቱ። ጠርሙሱን ይዛችሁ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ምራቁ የሚዝረከረክ፣ መዋጥ የሚያቅተው ወይም የሚያቃስት ከሆነ አትዘግዩ።

ከሱቅ በልቅ የሚቀዳ በረኪና የሚገዛ ሰው ብዙ ነው፣ ርካሽ ስለሆነ አልፈርድም። ግን የውሃ ጠርሙስ ውስጥ አይግባ። ሌላ ዕቃ ከጠፋ በትልቁ ጻፉበትና ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት። ሌላም አለ። በረኪናን ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር አትቀላቅሉ። ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። «አንድ ላይ ሲሆን የበለጠ ያነጻል» ብሎ ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ በሩን ዘግቶ የቀላቀለ ሰው ትንፋሹ ሲያጥር ነው የሚነቃው።

ጥያቄ፦ የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቀዋለህ። ከሰሉ ውጭ ተቀጣጥሎ ፍም ከሆነ በኋላ ነው የምናስገባው። ጭስ የለውም። ጨውም እንበትንበታለን። ይኼ ምን ችግር አለው? (ተማሪዎች፣ ከደብረ ብርሃን)

የሚገድለው ጭሱ ቢሆን ጥሩ ነበር፣ አስነጥሷችሁ ትወጡ ነበር። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ሽታ የለውም፣ አይታይም። ከቀላ ፍምም በደንብ ይወጣል። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ጨው ምንም አያደርገውም። አንድ ክፍል ውስጥ ያላችሁ ሰዎች ሁላችሁንም በአንድ ጊዜ ራስ ምታት ከጀመራችሁ፣ ካዞራችሁና ካቅለሸለሻችሁ ምርምር አያስፈልግም። በሩን ከፍታችሁ ውጡ። ከመተኛታችሁ በፊት ምድጃው ውጭ ይደር። ብርድ ልብስ ጨምሩ፣ ሌላ መላ የለውም።

ጥያቄ፦ ውበት ሳሎን ውስጥ ቀላቅለው በትንሽ ብልቃጥ የሚሸጡት «ፊት ማጥሪያ» አለ። ለወራት ተቀባሁት። መጀመሪያ ፊቴ ጠርቶ ሰው ሁሉ «ምን ተቀባሽ?» ይለኝ ነበር። ሳቆመው ቀላ፣ ያቃጥለኛል፣ ብጉር ወረረኝ። ስመለስበት ይሻለኛል። (ከአዲስ አበባ)

«ስመለስበት ይሻለኛል» ያልሽው ነገሩን ይነግረኛል። ይኼ የጠንካራ ስቴሮይድ፣ ማለትም የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ መድኃኒት፣ ጠባይ ነው። ከእነዚህ አንዱ፣ ክሎቤታሶል የሚባለው ቅባት፣ ለአንዳንድ ቆዳ በሽታ ጥሩ መድኃኒት ነው። ሐኪም አዝዞት፣ ለአጭር ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜም ከፊት ውጭ ባለ ቆዳ ላይ። ፊት ላይ ለወራት ሲቀባ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሮች ይታያሉ፣ ጸጉር ያበቅላል። ሲቆም ደግሞ እንዲህ ይበቀላል።

ብልቃጡ ውስጥ ሌላ ምን እንዳለ እኔም አንቺም አናውቅም። ምናልባት ቀላቃይዋም አታውቅም። ሃይድሮኪኖን የሚባለው ቆዳ የሚያነጣ ኬሚካል ሊሆን ይችላል። ከሁሉ የምፈራው ሜርኩሪን ነው። ቆዳ ያነጣል፣ ኩላሊት ይጎዳል። በእጅሽና በፎጣሽ አልፎ ሕፃን ልጅሽ ጋ ይደርሳል። ካርቶን ያለው ክሬም ስትገዢ አንድ ነገር ተመልከቺ። «ከወርቅ፣ ከብር፣ ከአሉሚኒየም ጋር አይነካካ» የሚል ማሳሰቢያ ካለው ሜርኩሪ ሊኖርበት ይችላልና ተይው። ደህና ክሬም ከቀለበትሽ ጋር ምን ጠብ አለው?

አሁን የምታደርጊው፦ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂጂ። አዲስ አበባ ውስጥ አለርት ሆስፒታል አለልሽ፤ ወሎ አካባቢ ላለ ሰው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አለ። ብልቃጡን ያዢው፣ አፍረሽ እንዳትደብቂው። ማቃጠሉ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፣ ሐኪሙ ቀስ በቀስ ያስወጣሻል። እስከዚያ በሌላ «ማስተካከያ» ክሬም አትሸፍኚው። ሳሎኗ ሌላ ብልቃጥ ታቀርብልሻለች፣ ከወዲሁ ልንገርሽ።

ጥያቄ፦ የምኖረው አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናቴ ደብረ ማርቆስ ናት፣ ስኳር አለባት። ኢንሱሊን በሰው ሻንጣ ልልክላት ነው። ምን ልጠንቀቅ?

ሻንጣው የሚጫን ከሆነ አትላክ። የአውሮፕላን ዕቃ መጫኛው በጣም ሊቀዘቅዝ ይችላል። የቀዘቀዘና በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አይሠራም። ሲያዩት ደህና ይመስላል፣ የእናትህ ስኳር ግን ሰማይ ይወጣል። ሰውየው በእጅ ሻንጣው ይያዘው፣ ከካርቶኑና ከማዘዣው ጋር።

ከዚያ በፊት ግን እሷ የምትወስደውን ዓይነት ከሐኪሟ አረጋግጥ። ፈጣኑ፣ ዘገምተኛውና የተቀላቀለው አይተካኩም። «ያው ኢንሱሊን ነው» ብሎ ያገኘውን የላከ ልጅ እናቱን ስኳሯ ወርዶ ራሷን እንድትስት ሊያደርጋት ይችላል። ያልተከፈተው ፍሪጅ ውስጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጥ፣ ከበረዶ ቤቱ ራቅ ብሎ። የተከፈተው ፀሐይ በሌለበት ቀዝቃዛ ቦታ አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። መብራት ከጠፋ ወይም ፍሪጅ ከሌለ እርጥብ አሸዋ ላይ የተቀመጠ የሸክላ ማሰሮ ሙቀቱን ዝቅ ያደርጋል።

ጥያቄ፦ ጓደኞቼ ከዱባይ የመጣ በከረጢት የታሸገ «የወንዶች ማር» ይሰጡኛል። ይሠራል። ማር ስለሆነ ጉዳት የለውም አይደል? (ስሜ ይቅር ያለ አንባቢ)

የሚሠራው ማሩ አይደለም ወንድሜ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2022 እንዲህ ያሉ ማሮችን መርምሮ ታዳላፊልና ሲልዴናፊል የሚባሉትን የወንድ ብልት መቆም ችግር መድኃኒቶች አግኝቶባቸዋል፣ ማሸጊያው ላይ ሳይጻፍ። ለልብ ሕመም ከምላስ ሥር የሚደረግ ናይትሮግሊሰሪን የሚወስድ ሰው ይህን ቢጨምርበት ግፊቱ በአንዴ ወርዶ ሊሞት ይችላል። ክኒኑን ከፈለግህ ከሐኪም ጋር ተነጋግረህ፣ መጠኑን አውቀህ ውሰድ።

ጥያቄ፦ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። የወትሮው የደም ግፊት ክኒኔ በዚህ ወር ቀለሙም መጠኑም ተለወጠብኝ። ሐሰተኛ ይሆን? ለማንስ ነው የሚነገረው? (ከደሴ)

ጋሼ፣ ቀለም ብቻውን ብዙ አይናገርም። አምራቹ ሲቀየር ክኒኑም ይቀየራል። በመጀመሪያ የመድኃኒቱን ስምና ሚሊግራሙን ካለፈው ወር ማሸጊያ ጋር ያስተያዩ። ከዚያ የካርቶኑና የክኒኑ ላስቲክ ላይ ያለው የባች ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን አንድ መሆናቸውን ይመልከቱ። ካልተመሳሰሉ፣ ስሙ ላይ የፊደል ስህተት ካለ ወይም ክኒኑ በእጅ ሲነካ የሚፈረካከስ ከሆነ መጠርጠር ነው።

ከጠረጠሩ ለፋርማሲው ባለሙያ ያሳዩት። አብዛኛው ፋርማሲስት ቅን ነው፣ እሱም ከአከፋፋይ ነው የተቀበለው። መልሱ ካላጠገብዎ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነፃ የስልክ መስመር 8482 ነው። ሲደውሉ ስሙን፣ ባች ቁጥሩን፣ አምራቹንና የገዙበትን ቦታ ይንገሯቸው። የተረፈውን ክኒን አይጣሉ፣ ደረሰኙንም ያስቀምጡ፤ ናሙና ሊፈልጉ ይችላሉ። ክኒኑን ግን «ይጣራ» ብለው ዝም ብለው አያቋርጡ። በዚያው ቀን ሐኪምዎ ጋ ሄደው ግፊትዎን ይለኩና ከሌላ ፋርማሲ በማዘዣ ይግዙ።