የግቢ ሣርን ሥር የሚበላ ትል በኔማቶድ ስለመከላከል

ጥያቄ፦ የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በቤታችን ፊት ያለው ሣር ከኦገስት አጋማሽ ጀምሮ ቦታ ቦታውን እየደረቀ ነው። በየቀኑ ባጠጣውም ለውጥ የለም። ሌሊት ደግሞ አንድ አውሬ እየመጣ ይቆፍረዋል። ልጆች ስለሚጫወቱበት ኬሚካል መርጨት አልፈልግም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ደብዳቤዎ አጭር ቢሆንም ዋናውን ነገር ይዟል። ውኃ እየጠጣ የሚደርቅ ሣር ብዙውን ጊዜ ሥሩ የተበላ ነው፤ ሌሊት የሚቆፍረው ራኩን ወይም ስካንክም የሚፈልገው ከሣሩ ሥር ያለውን ትል ነው። የፈንገስ በሽታም ሣር ያደርቃል፤ የእርስዎ ግን የጃፓን ጥንዚዛ እጭ (ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል) ይመስለኛል። በአሜሪካ ለመጀመሪያ ጊዜ በ1916 ኒው ጀርሲ ውስጥ የተገኘው ይህ ጥንዚዛ ደረቱ አረንጓዴ፣ ክንፉ የመዳብ ቀለም ያለው ሲሆን፣ በጁላይ የጽጌረዳ ቅጠል ወንፊት ሲያደርግ አይተውት ይሆናል። እንቁላሉን የሚጥለው በዚያው ሰሞን ሣር ውስጥ ነው።

ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ያረጋግጡ። የደረቀውና አረንጓዴው ሣር በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ጎንና ጎኑ አንድ አንድ ጫማ የሆነ አራት ማዕዘን በሦስት ጎን በአካፋ ይቁረጡና ሣሩን ይገልብጡት። ፍግ ሲዛቅ እንደሚገኘው ዓይነት፣ ራሱ ቡናማ የሆነ፣ ጥቅልል ያለ ነጭ ትል ያገኛሉ። ቁጥሩ ከአምስት በታች ከሆነ ጤነኛ ሣር ይችለዋል፤ አሥርና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ወደ ሕክምናው ይለፉ።

ሕክምናው ኔማቶድ የሚባለው በዓይን የማይታይ ትል ነው። በእጩ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ይዞት የመጣውን ባክቴሪያ ይለቅበትና በጥቂት ቀናት ይገድለዋል፤ ሰውን፣ የቤት እንስሳትንና የምድር ትልን ግን አይጎዳም። ሲገዙ እሽጉ ላይ «ሄትሮራብዳይቲስ ባክቴሪዮፎራ» የሚል ስም መኖሩን ይመልከቱ። «ስታይነርኔማ ካርፖካፕሴ» የተባለው ሌላው የኔማቶድ ዓይነት ከአፈሩ ገጽ አጠገብ ሆኖ የሚያድነውን ስለሚጠብቅ ወደ ታች ወርዶ ለተቀመጠ እጭ እምብዛም አይጠቅምም። ለ1,000 ካሬ ጫማ ወደ 23 ሚሊዮን ገደማ ያስፈልጋል። ይህም ግቢውን ሁሉ ሳይሆን የተጎዳውን ቦታና ዙሪያውን ብቻ ካከሙ ወጪው አነስተኛ ይሆናል።

ኔማቶድ ሕይወት ያለው ነገር በመሆኑ ፀሐይና ድርቀት ይገድሉታል። በዕለቱ የማይጠቀሙበት ከሆነ ማቀዝቀዣ ውስጥ ያቆዩት እንጂ እንዲበርድ ብለው ፍሪዘር ውስጥ አይክተቱት። ፀሐይ ስትጠልቅ በመጀመሪያ መሬቱን በውኃ ያርጥቡ፤ ከዚያም ኔማቶዱን በውኃ በጥብጠው በማጠጫ ጣሳ ያፍስሱ፤ በመርጫ ከሆነም ማጣሪያውን ያውጡለት። ወደ ታች ስለሚዘቅጥ ሳያቋርጡ ያማስሉት። ወዲያውኑ ደግመው ያጠጡ፤ መጠኑን ለማወቅ ባዶ የቱና ቆርቆሮ ሣሩ ላይ አስቀምጠው ግማሽ ኢንች ውኃ እስኪይዝ ይጠብቁ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ሳምንት አፈሩ እንዳይደርቅ ያድርጉ።

አንድ ነገር በቅሬታ ልናገር። ብዙ ወገኖቻችን ጉዳቱን የሚያስታውሱት በኤፕሪልና በሜይ፣ ሣሩ አልነሳ ሲል ነው፤ ያን ጊዜ ሄደው ኔማቶድም ሆነ መድኃኒት ይገዛሉ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። በጸደይ እጩ ስለሚጠነክርና መብላቱንም ሊያቆም ስለሚቃረብ ገንዘባችሁ በከንቱ ይባክናል። ጥሩው ጊዜ እጩ ገና ትንሽ የሆነበት፣ ከኦገስት አጋማሽ እስከ እንቁጣጣሽ ያለው ነው፤ መስቀል ካለፈ በኋላ እጩ እየተለቀ፣ አፈሩም እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ ውጤቱ ይቀንሳል። ስለዚህ እርስዎ ለነገ አይበሉት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ያንኑ ቦታ ገልብጠው ይመልከቱ። ጡብ የመሰለ ቀይ ቀለም ያለው ልፍስፍስ እጭ ካዩ ኔማቶዱ ሠርቷል። በተራቆተው ቦታ ላይ የፌስኩ ሣር ዘር መዝራት የሚቻለውም በዚሁ ሰሞን ስለሆነ፣ ለኔማቶዱ የሚያጠጡት ውኃ ዘሩንም ያበቅልልዎታል።