ከወፏ በፊት የባለጉዳዩን ቃል

ጥያቄ፦ የ8ኛ ክፍል የሳይንስ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ከተፈጥሮ ተምረው ለአንድ እውነተኛ ሰው ችግር መፍትሔ እንዲነድፉ ሥራ ሰጥቻቸው ነበር። ባለጉዳያችን የትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ሲሆኑ፣ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ስለሚሞቅ አንባቢ እንደሚሸሽ ነገሯቸው። ልጆቹ ግን በዚያው ዕለት «እንደ ቢራቢሮ ክንፍ የሚርገበገብ ማራገቢያ እንሠራለን» ብለው ሥዕል ጀመሩ። ችግሩን አስቀድመው በትክክል እንዲበይኑ እንዴት ላስተምራቸው?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ ልጆቹ ወደ ተፈጥሮ መሳባቸው የሚያስደስት ነው፤ የተዛባው ቅደም ተከተሉ ብቻ ነው። ክንፉም ሆነ ቅጠሉ ሊመጣ የሚገባው የባለጉዳዩ ቃል ተጣርቶ ካለቀ በኋላ ነው።

ይህን ለማስረዳት ከጃፓኑ ፈጣን ባቡር ከሺንካንሰን የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1997 ሥራ የጀመረው 500 የተሰኘው ባቡር በሰዓት 300 ኪሎ ሜትር እንዲጓዝ ሲነደፍ ትልቁ ፈተና ድምፅ ነበር። «ባቡሩ ይጮኻል» የሚለው አነጋገር ግን ለነዳፊ ብዙም አይጠቅመውም። የት ይጮኻል? መቼ? ማንን ይረብሻል? ተብሎ ሲጠየቅ አንድ የመሰለው ችግር ለሁለት ይከፈላል። የመጀመሪያው፣ ባቡሩ በከፍተኛ ፍጥነት ወደ ጠባብ ዋሻ ሲገባ ከፊቱ ያለው አየር ይታመቅና በወዲያኛው አፍ እንደ ፍንዳታ እየወጣ የአካባቢውን ነዋሪ የሚያውክ መሆኑ ነው። ሁለተኛው ደግሞ ከላይኛው ሽቦ ኤሌክትሪክ የሚቀበለው ክንድ ነፋሱን ሲሰነጥቅ የሚያሰማው ጩኸት ነው።

ወፎችን መመልከት የሚወዱት መሐንዲስ ኤይጂ ናካትሱ ለሁለቱ ችግሮች ሁለት ወፎችን አገኙ። ለክንዱ የጉጉት ላባ መፍትሔ ሆነ፤ መጋዝ የሚመስለው የላባው ጠርዝ ነፋሱን በትንንሹ ስለሚበትነው ጉጉት ድምፅ ሳታሰማ ትበራለች። ለዋሻው ደግሞ ጥያቄው «ከቀላል አየር ወደሚታመቅ አየር ሳይናወጥ የሚገባው ምን ዓይነት ቅርጽ ነው?» የሚል ሆነ፤ ይህ ከአየር ወደ ውሃ ተወርውራ ዓሣ የምትይዘው ወፍ (በእንግሊዝኛ ኪንግፊሸር) የዘወትር ሥራ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቆሞ የዚህችን ወፍ ዘመዶች ያየ ሰው፣ ሲጠልቁ ውሃው ምን ያህል ጥቂት እንደሚረጭ ያስታውሳል። የባቡሩ አፍንጫ እንደ ምንቃሯ ሾሎ 15 ሜትር ያህል ረዘመ። ጥያቄው «ይጮኻል» በሚለው ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ከሁለቱ ወፎች አንዷም ባልታሰበች ነበር።

እንግዲህ ልጆቹን ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ቴርሞሜትር አስይዘው ወደ አዳራሹ ይመልሷቸው። ወለሉ አጠገብና ከጣሪያው ሥር ያለውን ሙቀት ለይተው ይለኩ፣ ግድግዳውን በእጃቸው ይዳስሱ፤ ከዚያም ኃላፊዋን መስኮቱ ለምን እንደተዘጋ፣ መብራት ምን ያህል ጊዜ እንደሚጠፋና ለሥራው ምን ያህል ገንዘብ እንዳለ ይጠይቁ። ምናልባት መስኮቱ የሚዘጋው አቧራ መጻሕፍቱን እንዳያበላሽ ይሆናል፤ እንዲህ ያለውን ነገር ካልተጠየቀ ማንም ባለጉዳይ በራሱ አይናገረውም። በመጨረሻ አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ «የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ድረስ፣ ያለ ኤሌክትሪክና አቧራ ሳይገባ፣ ከቆርቆሮው ሥር የሚጠራቀመውን ሙቀት ማስወጣት ይፈልጋሉ።» በውስጡ የመፍትሔ ስም ከገባ ይሰርዙት፤ «ማራገቢያ» የሚለው ቃል ችግር ሳይሆን መልስ ነውና።

ከዚያ «ሙቀት ማስወጣት» በሚለው ግስ ሥር አስምረው፣ ይህን ሥራ በተፈጥሮ ማን ይሠራዋል? ብለው ይጠይቁ። የዝሆን ጆሮ ይመጣል፤ የምስጥ ኩይሳም ይመጣል። በዚምባብዌ ዋና ከተማ በሐራሬ እ.ኤ.አ. በ1996 የተጠናቀቀውን ኢስትጌት ሕንፃ የነደፉት ሚክ ፒርስ የሕንፃውን አየር የሚያዘዋውሩበትን ሐሳብ ያገኙት ከኩይሳ ነው። ይሁንና በኩይሳ ውስጥ አየር የሚዘዋወረው በዚያን ጊዜ እንደታሰበው ብቻ እንዳልሆነ በኋላ የተደረጉ ጥናቶች አሳይተዋል፤ ስለዚህ ልጆቹ የተፈጥሮውንም አሠራር እንዲያጣሩ ያድርጉ።

በእኔ እምነት ከጠቅላላው ነጥብ ግማሹ ለዚያ ዓረፍተ ነገር ሊሰጥ ይገባል፤ ሥዕል ከመጀመሩም በፊት ለኃላፊዋ ተነቦ እርሳቸው ያርሙት። የቢራቢሮውን ሥዕል ግን አይጣሉባቸው። ዓረፍተ ነገሩ ሲጸድቅ መልሰው ያውጡትና፣ ያ ክንፍ ሙቀቱን ያስወጣው ወይስ እዚያው አዳራሽ ውስጥ ያገላብጠው እንደሆነ ራሳቸው ይፈትኑት።